ሳጥኑ ያልመለሰው ትንፋሽ

ክቡራትና ክቡራን፣ አቶ ጁነይድ፣ የድምፅ ክፍል ባልደረቦቼ፤

ፍየል አርዳችሁ ስለሸኛችሁኝ አመሰግናለሁ። ሃያ ሦስት ዓመት ስናገር አልሰማችሁኝም፤ ዛሬ አፋችሁ በሥጋ ስለተያዘ ሳታቋርጡኝ ታዳምጡኛላችሁ።

ጂጂጋ የመጣሁት በ86 ነው። ብዙ አለቃ አይቻለሁ፤ እንደዚያ ሳጥን የተከበረ ግን አላየሁም። ከውጭ የመጣ ዕለት አቶ ጁነይድ ሰበሰቡንና፣ ከካሴት ወደ ኮምፒውተር ሲገለበጥ በሰከንድ ሃያ ሁለት ሺህ ጊዜ ብቻ የተለካውን ድምፅ ወደ መቶ ዘጠና ሁለት ሺህ አሳድጎ የጠፋውን እንደሚመልስ ነገሩን። አጨበጨባችሁ።

የተጨመረውን ቁጥር ከየት ያመጣዋል? በሁለቱ ልኬት መሃል ገምቶ ነው የሚሞላው። ለማጫወቻው ሥራ ያቀልለት ይሆናል፣ አልክድም። ያልተቀዳ ድምፅ ግን ከየት ይመጣል? ይህን ስጠይቅ «ጋሽ ሀብተየስ፣ ጆሮዎ አርጅቷል» ተባልኩ። ሳቃችሁን አልረሳሁትም።

ነገሩ የእናንተ ሞኝነት ብቻ ቢሆን ዝም ብዬ ጡረታዬን እወጣ ነበር። ግን ሳጥኑ ካለ ካሴት ምን ያደርጋል ተባለና፣ የሽማግሌዎች ድምፅ የተቀዳበት ስድስት መቶ ካሴት እንዲወገድ ደብዳቤ ተጻፈ። ሰኞ ሊጫን ነው።

ባለፈው ዓመት ዑባህ የሟች አባቷን ግጥም ልትሰማ ከሀርሺን መጣች። በሳጥኑ፣ በትልቁ ቁጥር አሰማናት። እስከ መጨረሻው አዳመጠችና «ቃሉ የአባቴ ነው፤ ትንፋሹ የታለ?» አለች። እናንተ ለምሳ ወጣችሁ። እኔ ካሴቱን ከፈትኩላት። ከየስንኙ በፊት የሚስበው አየር፣ የሻይ ብርጭቆው ሲቀመጥ፣ ሁሉም አለ። በሻሿ ፊቷን ሸፈነች። ስለ ሳጥኑ ሳስረዳት፣ ወተት ሻጭ ናትና፣ «ውሃ ብትጨምሩበት ጀሪካኑ ይሞላል፤ ግመሏ ግን ያው አንድ ናት» አለችኝ። እናንተ በሦስት ስብሰባ ያልገባችሁ ነገር ለእሷ ሻይዋን ሳትጨርስ ገባት።

በማግስቱ ሳጥኑን ከመስመር አወጣሁት። ሰማያዊ መብራቱን ብቻ ተውኩላችሁ። ይኸው አሥራ አንድ ወሩ። አቶ ጁነይድ፣ በእነዚህ ወራት ስንት እንግዳ አመጡ? «ልዩነቱ አይሰማችሁም?» ሲሉ ራሱን ያልነቀነቀ ማን ነበር? ዓይን አይቶ ልብ ይፈርዳል ይባላል፤ እዚህ ቤት ግን ዓይን መብራት አይቶ ለጆሮ ይፈርዳል።

እኔስ? ሳጥኑ የሚያሳድገውን ያን ቀጭን ፋይል ከካሴቱ የቀዳሁት እኔው ነኝ። በ98 የዲስክ ቦታ ቆጥብ ተባልኩ፤ ቁጥሩን አወረድኩ፣ ትንፍሽ ሳልል ደመወዜን ተቀበልኩ። ከእናንተ በፊት ራሴን ንቄያለሁ።

ሂቦ፣ የክፍላችን ልጅ፣ እስቲ ነይ። እዚህ ቤት ከምትናገረው ይልቅ የምትሰማው የሚበልጥ አንቺ ብቻ ነሽ። የካሴት ክፍሉ ቁልፍ ይኸው፤ በሰው ሁሉ ፊት ሰጥቼሻለሁ። ሰኞ መኪናው ሲመጣ አቶ ጁነይድ ቁልፉን ከእጅሽ ይቀበሉ። መጀመሪያ ግን ቁጭ ብለው የዑባህን አባት ይስሙ፤ ከዚያ በኋላ ጫኑ ማለት ከቻሉ ይበሉ።

እኔ ነገ ካራማራን ተሻግሬ እሄዳለሁ። ልጆቻችሁ ይደጉ፣ ቤታችሁ ይሙላ፣ እግራችሁን እንቅፋት አይምታው። ለክርስቲያኑም ለሙስሊሙም የቀረኝ ምርቃት አንድ ነው፦ ፈጣሪ ጆሮ ይስጣችሁ።