ወተት ያላጠበው አቧራ

ጋሽ አሻግሬ ከቃሊቲ የገዙትን ወተት በፌስታል አንጠልጥለው ወደ ገላን ኮንዶሚኒየም ሲያዘግሙ ትንፋሽ አጠራቸውና ከአንድ መጋዘን አጥር ሥር ተቀመጡ። በዚያ በኩል የሚያልፍ ወጣት አያቸውና ተመለሰ። የድሮ ጎረቤታቸው ልጅ ሮሪሳ ነበር፤ ዛሬ ጤና መኮንን ሆኗል።

«እንደምን ዋሉ ጋሽ አሻግሬ? ምነው እዚህ ተቀመጡ?»

«እግዚአብሔር ይመስገን ልጄ። ብርዱ ነው ደረቴን የያዘኝ። የአሰብን ሙቀት የለመደ ሰው ለአቃቂ አይሆንም።»

ጋሽ አሻግሬ ወጣትነታቸውን የጨረሱት አሰብ ላይ በመርከብ ጥገና ነው። ከመርከቡ ቦይለርና ቧንቧ ላይ አሮጌውን የሙቀት መከላከያ ይልጣሉ፣ አዲሱን ያለብሳሉ። ሠራተኛው «ነጭ ጥጥ» ይለዋል፤ ትክክለኛ ስሙ አስቤስቶስ ነው። ከአሰብ ወጥተው ቃሊቲ ሲገቡም በዚያው ሙያ የፋብሪካ ቦይለር ሲያለብሱ ኖሩ። አሁን ጡረታ ወጥተዋል፤ ሙያውን ግን መሥሪያ ቤታቸው ላሉት ሁሉ፣ ለአማቻቸው ለወንድዬም፣ አስተምረዋል፤ በዚህም ይኮራሉ።

«ወተቱስ ለማን ነው?» አለ ሮሪሳ።

«ለወንድዬ ነዋ። መሥሪያ ቤቱ የሚሰጣቸው አንድ ብርጭቆ አይበቃም። ወተት አቧራውን ከሳንባ ያጥበዋል።»

ይህን የሚያምኑት እሳቸው ብቻ ቢሆኑ በሳቅ ይታለፍ ነበር። ግን ያስተማሯቸው አለቆቻቸው ናቸው፤ ብርጭቆውን በእጃቸው እያቀበሉ።

ሮሪሳ አጠገባቸው ተቀመጠ። «አይቆጡኝና ጋሼ፣ ሲጠጡ አንዳንዴ ትን ይልዎታል?»

«ማንን የማይለው አለ?»

«አንዲት ጠብታ መንገድ ስታ ወደ ሳንባ ስትሄድ ነው እንዲያ የሚያስለቅስዎት። ብርጭቆ ሙሉ ወተት ሳንባ ቢገባማ ሰው አይተርፍም። ወተት የሚወርደው ሆድ ነው፤ አቧራው ያለው ሌላ ቤት ነው።»

«አንተ ደግሞ ትናንት ተወልደህ! ዕድሜ ልካችንን የጠጣነውን?»

«በጾምስ ትጠጡ ነበር?»

«ሎቱ ስብሐት! በጾም ወተት?»

«እና ሁዳዴን ሙሉ፣ ረቡዕና ዓርብ፣ አቧራውም አብሯችሁ ይጾም ነበር?»

አዛውንቱ ሊስቁ ሲሉ ሳል ቀደማቸው። ሳሉ ሲለቃቸው ፊታቸው ተለወጠ። «ሥራ አስኪያጁ እኮ መሐንዲስ ነው። ይህን ያጣዋል?»

«ያውቀዋል፤ ካላወቀም ማወቅ ነበረበት። ወተት ከጭምብልና ከመታጠቢያ ቤት ይረክሳል። ያ ጥጥ ሲላጥ በዓይን የማይታይ መርፌ ሆኖ ይበናል፤ ሳንባ ላይ ተሰክቶም ይቀራል። ከሃያ ከሠላሳ ዓመት በኋላ ትንፋሽ ያሳጥራል፣ ካንሰርም ያመጣል። ያን ጊዜ ሰውየው ጡረታ ወጥቷል፤ ‹ብርድ ነው› እያለ ይሞትላቸዋል።»

ሮሪሳ ይህን ሲል ተቆጣ፤ ቢቆጣም አይፈረድበትም። ሰው ሳንባውን እየሰጠ ወተት ሲቀበል «ምርቃት ነው» ተብሎ አመስጋኝ መሆኑ ከበሽታው ይልቅ ያናድዳል።

«እኔስ ይሁን» አሉ ጋሽ አሻግሬ። «የሠራሁት እኔ ነኝ።»

«በሠራተኛው ቢቆም ምን ነበረበት። አቧራው በቱታ ቤት ይገባል። ቱታውን የምታራግፈው ሚስትም ትታመማለች፤ ደረቷ ውሃ ይቋጥራል።»

 የጋሽ አሻግሬ ባለቤት አቻምየለሽ መርከብ ረግጣ አታውቅም። ማታ ማታ ግን ቱታቸውን በር ላይ እያራገፈች «ወፍጮ ቤት ነው ወይ የምትውለው?» ብላ ትስቅ ነበር። ሐኪሞች ከደረቷ ውሃ ሲቀዱ ከርመው ስትሞት እሳቸው ያማረሩት የአቃቂን ብርድ ነበር።

«እየሩስ» አሉ ድንገት። ልጃቸው እየሩሳሌም የወንድዬ ሚስት ናት፤ ነፍሰ ጡር ናት። ወንድዬም ከሥራ የሚገባው በዚህ ሰዓት ነው። በሮሪሳ ክንድ ተደግፈው ተነሡ።

ሲደርሱ እየሩሳሌም በረንዳ ላይ ቱታውን ይዛ ልታራግፍ እጇን ዘርግታለች። አባቷ ደረጃው ላይ እንዳሉ ጮኹ። «አታራግፊው! እናትሽን የገደላት እሱ ነው።»

ሮሪሳ ቱታውን በውሃ አርሶ በፌስታል ቋጠረው። በማግስቱ ጋሽ አሻግሬ ፌስታሉን ይዘው ከወንድዬ ጋር ሥራ አስኪያጁ ፊት ቆመው ጭምብልና መታጠቢያ ቤት ለመኑ። ሰውየው በትሕትና አዳመጣቸውና «ካልበቃ ወተቱን በእጥፍ እናደርገዋለን አባባ» አላቸው።

«ወተቱን ለጥጃው ይተዉለት» አሉ ጋሽ አሻግሬ። «እኔ ሚስቴን በዚህ እጄ ገድያለሁ፤ ሳላውቅ። እርስዎ ግን ከዛሬ ጀምሮ ያውቃሉ።»

ከዚያ ወደ ሠራተኛው ሄደው የሰሙትን ሁሉ ነገሩት። ሙያውን ከእሳቸው ያልተማረ አልነበረምና ሁሉም መሣሪያውን አስቀመጠ። ልመናው ያልከፈተው ጆሮ ሥራው ሲቆም ተከፈተ።

አሁን እዚያ ጥጡ ሳይረጥብ አይላጥም፤ አቧራውም በኮምፕሬሰር አየር አይነፋም። ሠራተኛው ለዚህ አቧራ የተሠራ ጭምብል ያደርጋል፣ ታጥቦ ይወጣል፣ ቱታው እዚያው ይቀራል፣ ደረቱም በራጅ ይታያል። በአዲሱ ቦይለር ላይ ደግሞ ነጩ ጥጥ ጭራሽ ቀርቷል። ይህ ሁሉ ከአሰብ ዘመን ጀምሮ ሊደረግ ይቻል ነበር፤ የሚያደርገው ጠፍቶ እንጂ።

የጋሽ አሻግሬ ሳንባ አልዳነም፤ የሚያድነው መድኃኒት የለም። ስለ አቻምየለሽም የተጠየቀ ሰው የለም። እየሩሳሌም ግን በሰላም ተገላግላለች፤ በረንዳዋ ላይ የሚሰጣው የሕፃን ጨርቅ ብቻ ነው።