ዝቅ ብለው አይቀመጡ

ከማርቆስ ወደ ይጁቤ በሚሄደው ታክሲ ውስጥ አንዲት ሴት ከአጠገቤ የተቀመጡትን ሽማግሌ አነጋገረቻቸው።

«አባቴ፣ እግርዎን ትንሽ ሰብሰብ ቢያደርጉልኝ?»

«አይታጠፍም ልጄ። የዳሌዬን አጥንት አውጥተው ብረት ተክተውልኝ ነበር፤ መግል ቋጠረ።»

«ውይ! ታዲያ ምን አደረጉት?»

«ብረቱን አወጡት። መግሉ እስኪጠራ ብለው መድኃኒት የተለወሰበት ሲሚንቶ አስገቡ። ሲጠራ ደግሞ ከፍተው አዲስ ብረት ያስገባሉ።»

«ሁለት ጊዜ ሊቀደዱ?»

«ሁለት ነበር የተባለው። ሲሚንቶው ወለቀና እሱን ለመመለስ እንደገና ከፈቱኝ። እንደ ጎተራ ከፈት ዘጋ፣ ከፈት ዘጋ... ደከመኝ።»

«ወድቀው ነው የወለቀው?»

«ኧረ ቁጭ ብዬ ነው። ሐኪሙማ ዝቅ ብለው እንዳይቀመጡ ብሎኝ ነበር።»

«እያወቁ ለምን ተቀመጡ ታዲያ?»

«እሱም እንዲሁ ብሎ ተቆጣኝ። ጎረቤቶቼ ወንበር አምጥተውልኝ ነበር እኮ፤ ትራስም ደርበውበት።»

«እና?»

«ሚስቴ ሞታ፣ ልጆቿ መሬት ላይ ቁጭ ብለው እያለቀሱ፣ እኔ ባሏ ወንበር ላይ ልሰየም?»

ይጁቤ እስክንደርስ ድረስ እግሬን ከወንበሩ ሥር ሰብስቤ ተቀመጥኩ።