አማርኛ የማታነበው ስልኬ

በአዲስ አበባ ማስተር ፕላን የተነሳ አገር በታመሰበት ሰሞን ነው። ከተፍኪ ወደ ሰበታ ስመለስ ሚኒባሳችንን ፌዴራል ፖሊሶች ኬላ ላይ አስቆሙና ስልክ መፈተሽ ጀመሩ። የእኔ የድሮ ታጣፊ ስማርትፎን ናት፤ ለነጋዴ የተሠራች፣ ስትከፈት ሙሉ ኪቦርድ ያላት፣ ቻርጅ ሳትጠይቅ የምትሰነብት። አንድ ጉድለት አለባት፦ የአማርኛ ፊደል አታውቅም፤ በአማርኛ የተላከላትን ሁሉ ባዶ ሳጥን ታደርገዋለች።

ወጣቱ ፈታሽ ሜሴጆቼን ሲያይ ፊቱ ተለዋወጠ። «ፋዘር፣ ይሄ ሳጥን ሳጥኑ የምን ኮድ ነው?»

«ኮድ አይደለም፣ ባለቤቴ በአማርኛ የላከችው ነው። ስልኬ አማርኛ አታነብም።»

«ይሄ የሚነበበውስ?»

«እሱን ጤፍ የሚሸጡልኝ ኦቦ ገመዳ ናቸው በኦሮምኛ የላኩት። በላቲን ስለሚጻፍ ታወጣዋለች። አንብበው።»

«ኦሮምኛ አልችልም» አለና ስልኬን ጭኔ ላይ ወረወራት። «አማርኛ የማታነብ ስልክ ምን ትሠራልሃለች? ጣላት!»

ደሜ ፈላ። «ልጄ፣ ቋንቋ ያልቻለ ሁሉ ይጣል ካልክ፣ ከአንተ እንጀምራ!»

ፈታሹም እኔን ብቻ አስወርዶ ሰበታ ድረስ በእግሬ ሰደደኝ። መንገድ ላይ ሜሴጅ ገባ፤ ስከፍታት ሳጥን ብቻ። ባለቤቴ «የት ቀረህ?» ማለቷ ነው። ለዚህ ደግሞ ፊደል አያስፈልገኝም።