ከቁራሌው የተረፈችው የስፌት መኪና

ሐሙስ አመሻሽ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ፣ ወደ አያት በሚሄድ ታክሲ ውስጥ ከፊቴ የተቀመጡ ሁለት ሴቶች ያወሩ ነበር።

«የእናቴ የስፌት መኪና ዳነችልኝ!»

«ባልሽ ለቁራሌው ሊሸጣት አልነበር?»

«አዎ፣ ስፌት እየዘለለች ስታስቸግረኝ ‹አርጅታለች› ብሎ ጠርቶት ነበር።»

«ታዲያ ማን ሠራት?»

«እኔው! ኢንተርኔት ላይ ስፈልግ የሚመጣልኝ የአዲስ ስፌት መኪና ማስታወቂያ ብቻ ነበር። ልጄ እንደ ሰው የሚመልስ የኤአይ መተግበሪያ ስልኬ ላይ ጫነችልኝና በአማርኛ ጠየቅኩት።»

«በአማርኛ? ገባው እንዴ?»

«እንዲያውም መልሶ ጠየቀኝ፤ ‹መርፌ ቀይረሽ ነበር?› አለኝ። ‹አዎ› ስለው አገባቡን እንዳይ ነገረኝ። ለካ አዲሱን መርፌ ገልብጬ ሰክቼው ኖሯል! አዙሬ ስሰካው ቀጥ አድርጋ ሰፋች።»

«ባልሽስ ምን አለ?»

«ምን ይላል? የተቀደደ ሱሪውን ይዞ ወረፋ እየጠበቀ ነው!»

በማግስቱ ጠዋት ስልኬ ላይ ለኤአይ በእንግሊዝኛ መጻፍ የጀመርኩትን ጥያቄ አጠፋሁና እንደገና በአማርኛ ጻፍኩት።