የጋሽ አባይነህ ውሃና የጋሽ አባይነህ ቁልፍ

ጋሽ አባይነህ አንገታቸው ላይ ሁለት ነገር ያስራሉ፤ ማተባቸውንና የሽንት ቤት ቁልፍን። ማተቡን በአርባ ቀናቸው ቄስ አሰረላቸው፤ ቁልፉን ደግሞ አብዮቱ በፈነዳ በዓመቱ የመጋዘኑ ኃላፊ ሰጣቸው። ከዚያ ወዲህ ሁለቱንም ለመኝታ እንኳ ፈትተው አያውቁም።

መጋዘኑ ከሃብተ ጊዮርጊስ ድልድይ ወረድ ብሎ ነው፤ ከአሰብ ወደብ የመጣ ጭነት የሚራገፍበት ግቢ። ጋሽ አባይነህ የግቢው ተቆጣጣሪ ናቸው። ሽንት ቤቱ የሚከፈተው ለቢሮ ሠራተኛና ለእንግዳ ብቻ ነው። የቢሮ ሠራተኛው አራት ሰው ነው፤ እንግዳ በዓመት አንድ ጊዜ ይመጣል። ስለዚህ ሽንት ቤቱ ንጹሕ ነው። የቀበሌው የጽዳት ኮሚቴ ሦስት ዓመት በተከታታይ አንደኛ ብሎታል፤ የምስክር ወረቀቱም በመስታወት ተደርጎ በሩ ላይ ተሰቅሏል። ሾፌሮቹ ቆመው ያነቡትና ወደ አጥሩ ይሄዳሉ። ጋሽ አባይነህንም «ቅዱስ ጴጥሮስ» ይሏቸዋል፤ መክፈቻው በእጃቸው ነውና።

ክፉ ሰው ግን አይደሉም። ልጃቸው ከኩፍኝ ሲተርፍ ለሚካኤል በተሳሉት መሠረት በር ላይ እንስራ አስቀምጠው፣ በረሃ አቋርጦ ለመጣ ሾፌር ሁሉ ቀዝቃዛ ውሃ በጣሳ ይሰጣሉ። ውሃቸውን እምቢ ያለ ሰው አልነበረም፤ ከአንዲት በቀር።

እሷም ትብለጽ ናት፤ የግቢው ብቸኛ ሴት ሾፌር። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሳ መሪ የጨበጠች ልጅ ናት። ከወለደች ወዲህ አሰብ መውረዱ ቀርቶላት ከናዝሬት ብቻ ጭነት ታመላልሳለች። ጋሽ አባይነህ ጣሳውን ሲዘረጉላት አራት ወር ሙሉ «ይቅርብኝ ጋሼ» ትላለች። እሳቸውም አራት ወር ሙሉ ላገኙት ሰው «ተምራለችና የድሃ እንስራ ተጸየፈች» ሲሉ ከረሙ።

አንድ እሑድ ጋሽ አባይነህ ከጊዮርጊስ አስቀድሰው ሲመለሱ፣ ድልድዩ ላይ ከትብለጽ ጋር ፊት ለፊት ተገጣጠሙ። ነጠላ ለብሳ ልጇን ታቅፋለች። ልጁ ያለቅሳል፤ ለቅሶው ግን የደከመ ነው።

«እንደምን አደሩ ጋሼ?»

«እግዚአብሔር ይመስገን። ምን ሆኖ ነው እንዲህ የሚያለቅሰው?»

«ርቦት ነው። ወተቴ እየደረቀ ነው። ከጤና ጣቢያ ነው የመጣሁት።»

ጋሽ አባይነህ ቂማቸውን ይዘው ነበርና፣ «ከሰው እጅ ውሃ የምትጸየፍ ሴት ወተቷ ቢደርቅ ምን ይገርማል!» አሉ።

«ነርሷም ያለችኝ ይህንኑ ነው» አለች ትብለጽ።

ጋሽ አባይነህ ደነገጡ። እርግማን መናገራቸው ነበር፤ ሕክምና መሆኑን አላወቁም።

«ምን አለችሽ?»

«ከንጋት እስከ ማታ ውሃ ሳትጠጪ ውለሽ ወተት ከየት ይመጣል አለችኝ።»

«ታዲያ ለምን አትጠጪም? አራት ወር ሙሉ እየለመንኩሽ!»

«ጋሼ፣ ውሃ መግቢያ እንዳለው መውጫም አለው። መግቢያውን እርስዎ በጣሳ ይሰጡኛል፤ መውጫውን አንገትዎ ላይ አስረውታል።»

የጋሽ አባይነህ እጅ ሳያዙት ወደ አንገታቸው ሄደ። ቁልፉን በነጠላቸው ሸፈኑት።

«ሌሎቹ ሾፌሮች አንድ ቀን አልጠየቁኝም እኮ።»

«ሌሎቹ አጥር አላቸው። እኔ ምን አለኝ?»

«ወጣ ብለሽ አንዱ ቡና ቤት አትገቢም?»

«መኪናዬን ትቼ ከወጣሁ የማራገፍ ተራዬ ያልፋል። ተራ ያለፈበት ነገ ይመለስ ብሎ የሚጽፈው ማነው?»

«እኔ ነኝ» አሉ ዝቅ ብለው። ቀጥለው ግን ድምፃቸውን አነሱ፤ የተሸነፈ ሰው እናቱን ይጠራልና። «ጨዋ ሴት እኮ ትችላለች! እናቴ ሙሉ ቀን ገበያ ውላ አንድ ቀን ጎንበስ ስትል ያያት የለም።»

«ጤናቸውስ እንዴት ነበር?»

 የጋሽ አባይነህ እናት «ወገቤን፣ ወገቤን» እያሉ፣ የጋለ ድንጋይ በጨርቅ ተጠቅልሎ ጀርባቸው ላይ እየተደረገላቸው ነው የሞቱት። ድንጋዩን የሚያግሉት ራሳቸው ጋሽ አባይነህ ነበሩ። አርባ ዓመት ሙሉ ብርድ ነው ሲሉ ኖረዋል።

«ልጁን እንኳ ታጠቢው የለም ወይ? እናትሽ ስታመጣው አያለሁ» አሉ፣ ሌላ መሸሸጊያ ፈልገው።

«ጋቢና ውስጥ አጠባዋለሁ። ያን ጊዜ ግን ግቢው ውስጥ ያለ ወዛደር ሁሉ ሸራ ሊፈታ የኔ መኪና ላይ ይወጣል። አንድ ሸራ ለስምንት ሰው! ልጁን ከጡቴ ነጥቄ እሸፈናለሁ።»

ይህን ጋሽ አባይነህ አይተዋል። አይተውም ስቀዋል። ድልድዩ ላይ የሚተላለፈው ሰው ሁሉ ያን ሳቃቸውን የሰማ መሰላቸው።

«ከከፈትኩት ግን ይቆሽሻል ልጄ» አሉ በመጨረሻ፤ ይህን ሲሉ ክርክር ሳይሆን ልመና ይመስል ነበር። «ሦስት ዓመት አንደኛ ወጥቷል።»

«ያልተበላበት ሳህንም ንጹሕ ነው ጋሼ፤ ለሳህኑ ግን ምስክር ወረቀት የሰጠው የለም። ማራገፊያ ተራ የሚጠብቅ ሾፌር የመጥረጊያም ተራ ይጠብቃል። ደግሞስ አጥሩ ሥር የሚርመሰመሰው ዝንብ ከዚያ ተነስቶ የት የሚያርፍ ይመስልዎታል?»

«የት?»

«የሚካኤል እንስራዎ ላይ።»

 ጋሽ አባይነህ የልጁን ግንባር ሊስሙ ጎንበስ ሲሉ ቁልፉ ከነጠላቸው ሾልኮ ወጣና ልጁ በትንሽ እጁ ያዘው። ሊያስለቅቁት አልደፈሩም። ራሱ እስኪለቅ ድረስ እንደተጎነበሱ ቆዩ።

ሰኞ ጠዋት ሾፌሮቹ ሲሰለፉ የሽንት ቤቱ በር ወለል ብሎ ተከፍቶ፣ ቁልፉም መቃኑ ላይ በምስማር ተሰቅሎ አገኙት። አጠገቡ የውሃ በርሜልና መጥረጊያ አለ። የሸራ ማስቀመጫዋ ክፍል ተጠርጋ በርጩማ ገብቶባታል፤ በሯ ላይ የጋሽ አባይነህ የራሳቸው አንሶላ መጋረጃ ሆኗል። ጋሽ አባይነህ ሌሊቱን ሙሉ ሲያሰናዱት ያደሩት ንግግር ነበራቸው፤ በትብለጽ ላይ ያወሩት ሐሰት መሆኑን በሰው ፊት ሊናገሩ ነበር። አፋቸው ላይ የመጣላቸው ግን ሁለት ቃል ብቻ ነው።

«ክፍት ነው» አሉ።

«ጴጥሮስ፣ ምጽአት ደረሰ እንዴ?» ሲል እሸቴ የሚባለው ሾፌር ጮኸ። ግቢው በሳቅ ተናጋ። ጋሽ አባይነህ አልሳቁም፤ ጣሳውን ሞልተው ወደ ትብለጽ መኪና ሄዱ። እሷም እስከ መጨረሻ ጠብታው ጨለጠችው።

በጥቂት ወራት ውስጥ አጥሩ ደረቀ፤ ዝንቡም ቀነሰ። ወንዶቹ እያጉረመረሙ በተራ መጥረግ ለመዱ፤ ሆድ ቁርጠት ብሎ የሚቀርም ጠፋ። ተስፋማርያም፣ ማለትም ያ ሕፃን፣ መጋረጃው ውስጥ ሳይነጠቅ እየጠባ ጉንጩ ሞላ። አንድ በር በመክፈት ይህን ያህል ጤና የሚገኝ ከሆነ፣ ስንቱ ግቢ ስንቱን በር ቆልፎ እንደተቀመጠ አንባቢ ራሱ ይቁጠር።

ኮሚቴው በዓመቱ መጥቶ ወለሉን ረጥቦ አገኘው፤ አራተኛ አለው። «ምነው ጋሽ አባይነህ?» ቢሏቸው፣ «ሰው ገብቶበት ነው» አሉ፤ በዚህም አላፈሩም። እስከ ዛሬ የሚያሳፍራቸው ሌላ ነው። ትብለጽ ጣሳውን ጨልጣ «ይድገሙኝ ጋሼ» ባለች ቁጥር፣ ሲቀዱላት ዓይን ዓይኗን ማየት አይችሉም።