ባዶ ቦታ የተባለው ጉልት

(ደሴ፣ ልብስ ስፌት ቤት ውስጥ፤ የሰፈሩ ልማት ኮሚቴ ሊቀመንበር ጋሼ እንድሪስ አዲሱን የሰፈር ካርታ መቁረጫ ጠረጴዛቸው ላይ ዘርግተው ሊፈርሙበት ሲሉ፣ የጂኦግራፊ አስተማሪዋና የኮሚቴው ጸሐፊ ሰአዳ እስክሪብቶውን ከእጃቸው መንጭቃ ከጀርባዋ ደብቃለች።)

እንድሪስ፦ አንቺ ልጅ፣ እስክሪብቶዬን መልሺ! ኢንጂነሩ ካርታውን ሊወስድ መንገድ ላይ ነው።

ሰአዳ፦ መጀመሪያ ይቺን ያንብቡልኝ። እዚህ ጋ ምን ይላል?

እንድሪስ፦ «ባዶ ቦታ» ይላል። ታዲያስ?

ሰአዳ፦ ማንጠግቦሽ ጉልት እኮ ነው! ሴቶች ከጠዋት እስከ ማታ ጢም ብለውበት የሚውሉት ቦታ በምን ሒሳብ ነው ባዶ የሆነው? ዛሬ ምሳዎት ላይ የበሉት ቃሪያ ከባዶ ቦታ ነው የመጣው?

እንድሪስ፦ ቤት የለበትማ! ካርታ ላይ የሚገባው ቤት ነው። ጉልት ሲመሽ ተጠቅልሎ ይሄዳል።

ሰአዳ፦ ይሁን። እዚህ ጋ «የመዝናኛ ማዕከል» የተባለውስ?

እንድሪስ፦ እሱ... የነሙሄ ከረንቡላ ቤት ነው።

ሰአዳ፦ ያ ሸራ የተወጠረበት?

እንድሪስ፦ ሸራም ቢሆን ሰው ይሰበሰብበታል።

ሰአዳ፦ ጉልቱ ላይ የሚሰበሰበውስ ምንድነው?

እንድሪስ፦ አንቺ ደሞ ነገር ማጣመም ትወጃለሽ። መሬት ወንድ ሴት ብሎ ነገር አያውቅም።

ሰአዳ፦ መሬቱማ አያውቅም፤ ካርታ የሚሥሉት ናቸው የሚያውቁት። ለዚህ ሥራ ሰፈሩን ስትዞሩ እነማን ነበራችሁ?

እንድሪስ፦ እኔ፣ ሙሄ፣ ሐጂ ይማም...

ሰአዳ፦ ሴትስ?

እንድሪስ፦ እንዴ፣ ዘሃራ ነበረች!

ሰአዳ፦ ምን ሠራች?

እንድሪስ፦ ... ሻይ አመጣችልን።

ሰአዳ፦ ይኸውልዎ! ለዚህ ነዋ ከግንቡ ጀርባ ያለውን ጭር ያለ ነገር «አቋራጭ መንገድ» ያላችሁት።

እንድሪስ፦ አቋራጭ ነዋ! ቀጥ ያለ፣ አጭር። እኔ ሁሌ በሱ ነው የምሄደው።

ሰአዳ፦ ልጅዎ ሐያትስ? ከትምህርት ቤት በሱ ነው የምትመጣው?

እንድሪስ፦ ሐያት? እዚያ እግሯ ይርገጥና አሳያታለሁ! በጉልቱ በኩል ዞራ ነው የምትመጣው።

ሰአዳ፦ ለምን?

እንድሪስ፦ ሴቶቹ ያዩልኛላ።

ሰአዳ፦ ጎሽ። ልጅዎን የሚጠብቅልዎት ባዶ ቦታ ነው ማለት ነው።

እንድሪስ፦ ነገረኛ! እሺ፣ ይኑሩበት፣ ማን ከለከላቸው? ካርታ ላይ ባይጻፍ ምን ይጎድላቸዋል?

ሰአዳ፦ ባዶ የተባለ ቦታ ሁሉ የመኪና ማቆሚያ ይሆናል ብለው በስብሰባ ያነበቡልን እርስዎ አይደሉም? እናቴ ሽንኩርት ሸጣ ያስተማረችኝ እዚያ ነው፣ ጋሼ። ነገ «ባዶ ቦታ ላይ ምን ትሠሪያለሽ፣ ተነሽ» ቢሏት ምን ልትል ነው?

እንድሪስ፦ እናትሽን እኔ ጠልቼ ነው? ግን ካርታው አልቋል። አሁን ሰርዝ ደልዝ ካልኩት ኢንጂነሩ ጥሎን ይሄዳል።

ሰአዳ፦ እንግዲያው «ማንጠግቦሽ ጉልት» ብዬ በልብስ ጠመኔዎ ልጻፈው። ካላማረዎት ይራገፋል።

እንድሪስ፦ ጠመኔዬን እንዳትነኪ! ደሞ ማንጠግቦሽ፣ ነፍሷን ይማርና፣ ቃሪያ ሻጭ ነበረች፤ በሷ ስም ካርታ ላይ ቦታ አይጠራም። ሰፈሩ ካርታው ላይ «ሻምበል ሰፈር» የሚል ስም አለው።

ሰአዳ፦ ሁለት ክረምት ተከራይተው በወጡት ሻምበል ስም? ማን ነው እንደዛ ብሎ የሚጠራው?

እንድሪስ፦ ማንም ይጠራዋል! ቆይ፣ ስልኬ... ሃሎ፣ ኢንጂነር! ጠፋብዎት? ሻምበል ሰፈር ይበሉት፣ ባለባጃጁ ያመጣዎታል... አያውቀውም?... ጭራሽ ሰምቶት አያውቅም?

ሰአዳ፦ ውይ፣ ምን ዓይነቱ ባለባጃጅ ነው!

እንድሪስ፦ ዝም በይ አንቺ!... እርስዎን አይደለም፣ ኢንጂነር። እስቲ ስልኩን ለልጁ ይስጡልኝ... ሃሎ፣ አንተ፣ ማ... ማንጠግቦሽ ጉልት አምጣልኝ ሰውየውን... አወቅከው? ጎበዝ!

ሰአዳ፦ አልሰማሁም፣ የት አምጣልኝ አሉት?

እንድሪስ፦ ሳቂ፣ ሳቂ! በቃ ሥራዬን ልሥራበት፣ እስክሪብቶዬን... አሁን ደሞ ምን ፈልጎ ነው የሚደውለው? ሃሎ! ደረሱ? እዚሁ አጠገባችን ነበሩ ለካ! ስልክዎ ላይ ካርታውን ይክፈቱና «ባዶ ቦታ» የሚለው ጋ ይውረዱ፤ ፊት ለፊቱ ነኝ... ምን? ባዶ ቦታ የለም?... ሴቶች ሞልተውበታል?... መቆሚያም አጡ?

ሰአዳ፦ በሉ ጋሼ፣ ሰውየው ደርሷል። እስክሪብቶዎ ይኸው፣ ይፈርሙ።

እንድሪስ፦ ምን ያስቸኩልሻል? መጀመሪያ የማንጠግቦሽን ስም ጻፊበት። በጠመኔ እንዳይሆን፣ ይራገፋል፤ በእስክሪብቶው ጻፊው።