ጋሼ ሳሙና የተባሉበት ቀን

ለአሥራ ዘጠኝ ዓመት ለማንም ያልተናገርኩት ነገር አለ። ልጆቼ እንኳ አያውቁትም። ዛሬ እዚህ የቆምኩት እሱን ለመናገር ነው። ግን «የጡረታ ሽኝት በሳቅ ነው የሚጀመረው፣ እንዳታስለቅሽን» ብላችሁ ስላስጠነቀቃችሁኝ መጀመሪያ እናንተን ላስቃችሁ። ንግግር ስለማልችል ጽፌ ነው የመጣሁት፤ ከወረቀቴ ቀና ካላልኩ አትቀየሙኝ።

ጋሼ፣ ወደዚህ የወይን መደብር የመጡበትን ቀን ያስታውሳሉ? እኔ ያኔ ጓዳ ውስጥ ብርጭቆ አጣቢ ነበርኩ። በሩን ከፍተው ገቡና ገና ሰላም ሳይሉ ማሽተት ጀመሩ። መደርደሪያውን አሸተቱ፣ ካርቶኑን አሸተቱ፣ የአለቃችንን ኮት ሳይቀር አሸተቱ።

«ምን ጠፋብህ?» አሉ አለቃችን።

«ጎረቤታችሁ ጫማ ሰሪ ነው እንዴ? ሙጫው እዚህ ድረስ ይመጣል። እዚህ ላይ ቡርጎኝን የመሰለ የፈረንሳይ ወይን መደርደር ኃጢአት ነው።»

ሰውየው ሥራ ሊጠይቅ መጥቶ፣ ገና ሳይቀጠር ጠርሙሱን ሁሉ ወደ ምድር ቤት አስወረደን። ከዚያ ለፈተና ቀይ ወይን ቀረበላቸው። አሸተቱ፣ አፋቸው ውስጥ አንከባለሉት፣ ባልዲው ውስጥ እንትፍ አሉት። ዘበኛችን እየሮጠ ጓዳ መጣ። «ሰማሽ? ይሄ ሰውዬ ውድ ወይን እየተፋ ደመወዝ ሊከፈለው ነው። እኔ ግን በር ላይ ምራቄን ብተፋ እባረራለሁ!»

ጸባያቸውን የማያውቅ እዚህ የለም። ሽቶ የተቀባ ሰው ምድር ቤት አይወርድም። ሽንኩርት የበላ ሰው እስከ ማግስቱ በስልክ ነው የሚያነጋግራቸው፣ ያውም አንድ ክፍል ውስጥ ተቀምጦ። ሽያጭ ላይ ያለችው ልጃችን ከጫጉላዋ ሽቶ ተቀብታ ስትመለስ «እንኳን ደስ ያለሽ የኔ እመቤት፣ በይ አሁን እዚያ ማዶ ቁሚ» ያሏትን እሷው ራሷ እየሳቀች ትነግራችኋለች።

ደንበኛ ሲያማክሩ ደግሞ! አንድ ቀን አንድ ሰው ገብቶ «ለአማቴ የሚሆን፣ ከፈረንሳይ ወይን ሁሉ ውዱን ስጡኝ» አለ።

«አማትዎ ምን ዓይነት ይወዳሉ?»

«እኔ እንጃ። እኔን እንደማይወዱኝ ግን አውቃለሁ።»

«እንግዲያው ውዱ ይቅርብዎ። ይቺን ቦርዶ ይውሰዱ። መጀመሪያ ኮስተር ትላለች፣ ቆይታ ነው የምትለሰልሰው። አማትዎም አብረዋት ይለሰልሳሉ።»

በሳምንቱ ሰውየው ተመልሶ መጣ። «አንድ ሌላ። ዛሬ ራሳቸው ናቸው የላኩኝ» አለ። ጋሼ አልሳቁም። ቡሹን በአውራ ጣታቸው ዳበስ አደረጉና ጠርሙሱን እንደ ሕፃን አቅፈው አስረከቡት። ያን ጊዜ ሳያቸው፣ ሰው ሥራውን እንዲህ መውደድ ይችላል ወይ ብዬ ነበር።

አሁን የኔ ተራ ደረሰ።

«ጋሼ ሳሙና» የሚለውን ስም አብዛኞቻችሁ ስትቀጠሩ እዚህ አገኛችሁት። እንዴት እንደወጣ ሰምታችኋል እንጂ አላያችሁም። እኔ አይቻለሁ።

ለአንድ ትልቅ ሆቴል ምርቃት ሻምፓኝ የሚመረጥበት ቀን ነበር። የሆቴሉ ኃላፊ፣ የአስመጪው ወኪልና አለቃችን ጠረጴዛውን ከበው ተቀምጠዋል። ምርጫው ካማረ ጋሼ ፈረንሳይ ይላካሉ፣ ሻምፓኝ ከሚሠራበት አገር ከየምድር ቤቱ እየቀመሱ ለመደብራችን የሚመርጡት እሳቸው ይሆናሉ ተብሎ ነበር። ሻንጣ ገዝተው አሳይተውኛል።

የብርጭቆ ሕጋችን አንድ ነው፦ የፈላ ውሃ ብቻ፣ ሳሙና ፈጽሞ ክልክል። ሳሙና ብርጭቆ ላይ ከቀረ የሻምፓኝን አረፋ ያጠፋል። ይህን ያስተማሩኝ ጋሼ ናቸው።

ያኔ ባሌ ከሞተ አራት ወሩ ነበር። ቤቴ ውስጥ ከሐዘኑ የተነሳ ፊደል አልገባ ብሎኝ ነበር። ስለዚህ ጋሼ መደርደሪያ ላይ የሚተዉትን የወይን መጽሐፍ እቃ ማጠቢያው ላይ አስደግፌ፣ ያልገባኝን ቃል ሦስቴ አራቴ እየደጋገምኩ አነብ ነበር። ያን ቀንም እያነበብኩ ሰዓቱ አመለጠኝ። ብርጭቆዎቹን በፈላ ውሃ አጠብኩ፤ አንዷ ላይ ግን ሊፕስቲክ ደርቆ አልለቅ አለኝ። ከውጭ ይጣራሉ። በሳሙና ፈተግ አደረግኳት፣ በጥድፊያ ለቅለቅ አድርጌ ከሌሎቹ ጋር አቀረብኳት። እሷ ጋሼ እጅ ገባች።

ሻምፓኙ ተቀዳ። የሁሉም ብርጭቆ አረፋ ይፈላል፣ የሳቸው ጭጭ ብሏል። አሸተቱና «ይሄ ሞቷል። ሳሙናም ይሸታል» አሉ።

ወኪሉ ሳቀ። «ከአንድ ጠርሙስ እኮ ነው የተቀዳው ጋሼ። የሚሸትዎት የጢምዎ መላጫ ሳሙና ይሆናል።»

ሁሉም ሳቁ፣ «ጋሼ ሳሙና» የሚለው ስምም እዚያው ወጣ። ጋሼ ወደ እኔ ዞሩ። «እህቴ፣ ይቺን ብርጭቆ በምንድን ነው ያጠብሻት?»

«በፈላ ውሃ» አልኩ።

ትንሽ አዩኝ። ከዚያ ብርጭቆዋን አስቀመጡና «እንግዲያው ጥፋቱ የኔ አፍንጫ ነው» አሉ።

ያልኩትን አመኑኝ። ሁለት ልጆች ነበሩኝ፣ እንዳልባረር ፈራሁ። ከዓመት በኋላ ፍርሃቱ ለቀቀኝ፣ ኀፍረቱ ግን አልለቀቀኝም። ፈረንሳይ ሌላ ሰው ሄደ። ጢማቸውን ለማማር ያሳደጉት ለሚመስላችሁ፣ ከዚያ ቀን ወዲህ የመላጫ ሳሙና ፊታቸውን ነክቶ አያውቅም።

ከሁሉ የባሰው ደግሞ ይህ ነው። ከዚያ ወዲያ ራሳቸውን ማመን ትተው፣ የቀመሱትን ሁሉ እኔን ይጠይቁኝ ጀመር። «አንቺስ ምን ሸተተሽ?» «ሎሚ መሰለኝ።» «ሌላስ?» «የተጠበሰ ዳቦ። ዝናብ የነካው ድንጋይ።» «ጎሽ። እኔም እንደዚያ መስሎኝ ነበር፣ ግን ፈራሁ» ይሉኛል። እንዲህ እንዲህ እያልኩ ከብርጭቆ አጣቢነት ቀማሽ ሆንኩ። ልጆቼን ያሳደግኩበት ሙያ የመጣው ከዋሸሁት ውሸት ነው።

ባለፈው ሳምንት አለቃችን ሐሙስ ሐሙስ እየመጡ አዲስ የገባውን ወይን እንዲቀምሱልን ለመኗቸው። ጋሼ «ይቅርብኝ፣ አፍንጫዬ ከዱሮም የሚታመን አልነበረም» አሉ። ቤታቸው የነበሩትንም ጠርሙሶች ለሰው ማደል ጀምረዋል ሲሉ ሰማሁ። ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም።

ጋሼ፣ ያ ብርጭቆ ሳሙና ነበረበት። ከዚያ ሁሉ ሰው እውነቱን የተናገሩት እርስዎ ብቻ ነበሩ። አፍንጫዎ ያን ቀን አልተሳሳተም፣ ከዚያም በፊት ከዚያም በኋላ ሲሳሳት አላየሁም። የተሳሳቱት እኔን በማመንዎ ነው።

በዚህ ሁሉ ሰው ፊት ይቅር ይበሉኝ ብዬ አላስጨንቅዎትም፤ ሰው ሲያይዎት እንቢ ማለት አይችሉም፣ አውቅዎታለሁና። በራስዎ ጊዜ ያስቡበት። እስከዚያው ላመስግንዎ። ያልገባኝን የመጽሐፍ ገጽ ሳያፍሩብኝ አስረድተውኛል። ልጄ ታሞ በቀረሁበት ሳምንት ብርጭቆዬን አጥበው፣ ለማንም ሳይናገሩ ደርድረው ጠብቀውኛል። እኔ እያንዳንዷን ቀን አልረሳኋትም።

በሉ ተነሱ፣ ብርጭቆ አንሱ። ጋሼ፣ ዕድሜና ጤና ይስጥዎ። የቀመሱትን ማንንም ሳይጠይቁ የሚናገሩበት ረጅም ዘመን ይሁንልዎ። ሐሙስ ወንበርዎ ባዶ እንዳይሆን እለምንዎታለሁ፤ አዲሱን ሻምፓኝ እርስዎ መጀመሪያ ይናገሩ፣ እኔ ከእርስዎ በኋላ እናገራለሁ። ለጤናዎ።

ይህን ወረቀት ለእርስዎ ብሰጥ፣ እኔን ከማሳፈር ብለው ይቀድዱታል። አጠገብዎ የተቀመጠችው ልጅዎ ግን ባለፈው በስልክ «አባዬ እኮ አንዴ ተሳስቶ ነው ከፈረንሳይ የቀረው» ብላኛለች፣ እኔም ዝም ብያታለሁ። ስለዚህ ፈርሜበት የምሰጠው ለእሷ ነው።